በየችካሉ አንድ ጣት

ለምወድሽና ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ጉልበትሽ እጠይቃለሁ። ደረጃ መውጣት ተውሽ ወይስ ዛሬም ሐኪሙ የከለከለሽን እየመረጥሽ ታደርጊያለሽ? ልጅሽ፣ ባሏ፣ ሕፃናቱ ሁሉ እንደምን አሉ? እኛ ደኅና ነን። ባለቤቴ ሰላም ብላሻለች። የኔም ጤና አይከፋም፤ ደም ግፊቴ ብቻ ከደመወዜ በተለየ በየዓመቱ ከፍ ይላል።

ስልክ ትቼ ደብዳቤ የምጽፍልሽ ጆሮሽ ስለደከመ ብቻ አይደለም። በስልክ ስጮህልሽ «ለምን ትቆጣኛለህ?» ትዪኛለሽ። አሁን ይኸው አንድ ቃል ሳልጮህ ተቆጥቻለሁ። ልዩነቱን እንድታዪው ብዬ ነው።

ነገሩ የታናሻችን ነው። የሌላ የማን ሊሆን!

ለሐሙስ ጠዋት ትራክተር ቀጥሯል። የአባባን ተዳፋት መሬት በሙሉ፣ ከላይኛው ግንብ እስከ ታችኛዋ ጎረቤታችን የሽንኩርት ማሳ ድረስ፣ ቁልቁል ሊያሳርሰው ነው። አግድም አላልኩሽም፣ ቁልቁል ነው ያልኩሽ። ገለባውን ጠርጎ፣ ክትሩን ንዶ፣ መሬቱን ራቁቱን አስቀርቶ፣ ዝናቡ ሊገባ ሦስት ሳምንት ሲቀረው!

ነገሩን ከዚህ በፊት አስረድቼሻለሁ፤ ስነግርሽ እንቅልፍ እንደወሰደሽ ልጅሽ ስለነገረችኝ ግን እደግመዋለሁ። ያንን መሬት ሦስት ዓመት ማረሻ አልነካውም። ገለባው፣ የበቆሎው አገዳና ቅጠል፣ እንዳለ መሬቱ ላይ ይተኛል። ስንዘራ ዘሩ የሚገባባትን ቀጭን ትልም ብቻ እንከፍታለን። ትልሟም ተዳፋቱን አግድም ይዛ ትሄዳለች፣ ውሃው እንዲቆምና እንዲሰርግ እንጂ እንዲሮጥ አይደለም። በየተወሰነ ርቀት ደግሞ ዝቅ ያለች የአፈር ክትር አለች። ነገሩ በቃ ይኸው ነው። ለዚህ ዩኒቨርሲቲ አያስፈልግም ነበር፤ እኔ ግን ሁለት ጊዜ ገብቻለሁ።

አንቺ ዕድሜሽን ሙሉ ቁስል ስታስሪ የኖርሽ ነርስ ነሽ። የታሰረ ቁስል በየዓመቱ እየፈታ በቢላ የሚገለብጥ ሐኪም ብታዪ ምን ትዪዋለሽ? እርሻ የምንለው እኮ እሱን ነው።

አባባ ቀጥ ያለ ትልም ይወድ ነበር። አርሶ ሲጨርስ ከላይ ቆሞ ቁልቁል እያየ «እንደ ክር!» የሚለው ትዝ ይልሻል? እኔ ደግሞ በዝናቡ ማግስት ትዝ ይለኛል። እያንዳንዷ ትልም ቦይ ትሆናለች፤ አፈራችን ቀይ ውሃ ሆኖ ወደ ወንዝ ይወርዳል። ልጅ ሆነን ያለ ማንም እርዳታ የምንቀመጥበት የላይኛው ግንብ ዛሬ ደረቴ ላይ ነው። ግንቡ አላደገም፤ መሬቱ ነው የሄደው። የመሠረቱ ድንጋይ እንዳረጀ ሰው ጥርስ ወጥቶ ይታያል። አባባን መውቀሴ አይደለም፤ እሱ አላወቀም። ታናሻችን ግን ያውቃል። ሦስት ዓመት በዓይኑ አይቷል። ዝናብ ከራቀ ሁለት ወር ሞልቶት፣ የሰው ማሳ እንደ አሮጌ ሸክላ ተሰነጣጥቆ ሳለ፣ እሱ ራሱ እጁን ገለባው ሥር ሰድዶ እርጥብ አፈር አውጥቶ «ጋሼ፣ ተመልከት፣ ይሄ እኮ ይጨመቃል!» ብሎኛል። ያ ሰው ነው እንግዲህ ትራክተር የቀጠረው።

ለምን በይኝ። ጥፋቱን ስለማይረሳው።

ስለ ጥፋቱ ሰምተሻል፤ የሰማሽው ግን ከሱ ስለሆነ በቅደም ተከተል ልንገርሽ። ባለፈው ዓመት ክረምት ከመግባቱ በፊት ዋናውን መስመር እንደገና የለካሁት እኔ ነኝ። በግብርና መሥሪያ ቤታችን መለኪያ ነው የለካሁት። ሁለት እግር፣ አንድ አግዳሚ፣ ከአናቱ በክር የተንጠለጠለ ቱንቢ። ክሩ አግዳሚው ላይ ያለችውን ምልክት ሲነካ ሁለቱ እግሮች እኩል ከፍታ ላይ ቆመዋል ማለት ነው። እዚያ ችካል ይመታል፤ መለኪያው ይራመዳል፤ ሌላ ችካል ይመታል። አርባ አንድ ችካል ተከልን፣ በእያንዳንዱም ላይ በቀይ ቀለም ቁጥር ጻፍኩበት። ክትሩ ያንን መስመር ይከተላል፣ ትልሞቹም ክትሩን ይከተላሉ። አንድ መስመር ልክ ከሆነ ማሳው ሁሉ ልክ ነው።

ታናሻችን መዶሻ ይዞ ይከተለኛል፣ አፉም አያርፍም። ሃያኛው ችካል ላይ ስንደርስ «ጋሼ፣ ለዓይኔ ወደታች የሚወርድ ይመስለኛል» አለኝ። «ዓይንህ ከመቼ ወዲህ ነው መሣሪያ የሆነው?» አልኩት። ግንቡ ላይ ተቀምጠው የሚያዩን ጎረቤቶች ሳቁ። እሱም ሳቀ። ቀጠልን።

ክረምቱ በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ ቀጥ ብሎ መቆም የነበረበት ውሃ ክትሩን ይዞ ወደ ምሥራቅ ሄደና ማሳው ዳር ያለው ቋጥኝ ጋ ተጠራቅሞ ክትሩን ጣሰው። አሥራ ሁለት ትልም ጠረገ። ሰው ቆሞ የማይታይበት ቦረቦር ቆፈረ። ደለሉን በሙሉ ወስዶ በታችኛዋ ጎረቤታችን ሽንኩርት ላይ ደፋው። ሴትዮዋን ታውቂያቸዋለሽ፤ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ከዚያች ሽንኩርት ሌላ መተዳደሪያ የላቸውም።

በሳምንቱ ገበሬው እህል መጋዘኑ ውስጥ ተሰበሰበ፣ እኔንም ጠሩኝ። በዚያ ተዳፋት ላይ ዘዴዬን የተቀበሉ ሰባት ማሳዎች አሉ፣ አንዱ የኛ ነው። ሰባት ሰው ለማሳመን ስንት ዓመት እንደፈጀብኝ አልነግርሽም፣ ታለቅሺያለሽ። ትራክተር ነጂው፣ ቶሎ ቶሎ የሚሉት፣ «ሴንቲሜትር መሬቱን ለክቶ ለወንዝ አስረከበው!» ብሎ አሳቀባቸው። ሴንቲሜትር እኔ ነኝ፤ ሠላሳ ዓመት የተሸከምኩት ቅጽል ስሜ ነው። ሳቁ ሳያልቅ ታናሻችን ተነሣ። «ጥፋቱ የኔ ነው» አለ። «ቋጥኙ አላሠራ ስላለኝ ጋሼ ከሄደ በኋላ ችካሎቹን ነቅዬ ዝቅ ዝቅ አድርጌ ተከልኳቸው። የሱ መስመር ልክ ነበር።»

እንግዲህ አንቺ ፍረጂ። ሩብ ሰዓት ሙሉ ተናገርኩት፣ በሰው ፊት። ስለ ትዕቢት ተናገርኩ፣ ስለ ድንቁርና ተናገርኩ፣ «ዓይኔ ዓይኔ» ስለሚሉ ሰዎችም ተናገርኩ። እሱ አንገቱን ደፍቶ ባርኔጣውን በእጁ ሲያዞር ቆየ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አገሩ ሁሉ «ችካል ነቃይ» ይለዋል። ይገባዋል እላለሁ። የታመነ ልኬት የሚያበላሽ ሰው ሌላ ምን ይባላል?

እውነቱን ለመናገር በየቅዳሜው ጎረቤታችን ማሳ ገብቶ ደለል ሲዝቅ ይውላል። አሥር ወር አላቋረጠም። ጥሩ። እኔን ግን ይኸው አሥር ወር ሙሉ አያናግረኝም። ቤቱ ስሄድ ወንበር ያወጣልኝና እሱ ወደ ጓሮ ይዞራል። ያጠፋው እሱ፣ የሚያኮርፈው እሱ! ትናንት እሑድ የትራክተሩን ነገር የነገረችኝ ሚስቱ ናት። «ምን ሆኖ ነው?» ብላት «ያንን መስመር ማየት አልፈልግም ይላል፤ ማሳው ላይ በቆምኩ ቁጥር ይጮህብኛል ይላል» አለችኝ። መስመር ይጮሃል እንዴ፣ እትዬ?

የቀሩት ስድስቱ ደግሞ «የራሱ ወንድም ካረሰው እኛ ማንን ልንሰማ ነው?» ብለው ረቡዕ ሊሰበሰቡ ነው። ሐሙስ ያ ትራክተር ከገባ በሳምንቱ ሰባቱም ማሳ ይታረሳል። ሰባቱ ከታረሱ እዚህ ተዳፋት ላይ በኔ ዕድሜ ሁለተኛ ገለባ የሚተው ሰው አይገኝም።

ስለዚህ የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ደብዳቤውን ነገ ማታ በሚነሣ መንገደኛ እጅ እልከዋለሁ፣ ረቡዕ ይደርስሻል። ልጅሽ ትደውልለት፣ አንቺ ተናገሪ። መስማት እንጂ መናገር አላቃተሽም። እኔን አይሰማም፤ አንቺን ግን እናታችን ካረፈች ጊዜ ጀምሮ ፊቱን አጥበሽ ያሳደግሽው ስለሆንሽ እምቢ አይልሽም። «ትራክተሩን መልስ» በይው። በቃ።

ባለፈው ደብዳቤሽ «ከመፍረድህ በፊት አንድ ጊዜ ሄደህ ራስህ እየው» ብለሽኛል። ጥፋቱን ያመነ ሰው ላይ ምርመራ ምን ይሠራል? ቢሆንም እሺ። መስመሩን የለካሁ ቀን እያንዳንዱ ችካል ከላይኛው ግንብ ያለውን ርቀት በማስታወሻ ደብተሬ ጽፌ ይዣለሁ። ነገ ሄጄ እለካለሁ። የትኛው ችካል ስንት እንደተንቀሳቀሰ በቁጥር እጽፍልሻለሁ፤ አንቺም ታርፊያለሽ፣ እኔም አርፋለሁ።

ማክሰኞ፣ ከሰዓት በኋላ

ደብዳቤውን ትናንት ያላሸግኩት ቁጥሮቹን ልጨምርበት ብዬ ነበር። ቁጥሮቹ እነሆ።

አንደኛው ችካል፣ በደብተሬ አሥራ አራት ሜትር ከሃያ፤ ዛሬ አሥራ አራት ሜትር ከሃያ። አሥረኛው፣ በደብተሬ አሥራ አምስት ከስድሳ፤ ዛሬ አሥራ አምስት ከስድሳ። ሃያ አምስተኛው ያው ነው። ሠላሳ ስምንተኛው፣ ሠላሳ ዘጠነኛው፣ አርባኛው፣ ቋጥኙ አጠገብ ያለው አርባ አንደኛው፣ ሁሉም ያው ናቸው። አርባ አንዱንም ለካሁ፣ ከዚያ ተመልሼ ሜትሩን ቀይሬ በሌላ ሜትር ለካሁ። የተነቀለ ችካል አጠገቡ አሮጌ ጉድጓድ ይኖራል ብዬ ተንበርክኬ ፈለግኩ። የለም። በየሥራቸው የበቀለው ሣር እንኳ አልተነካም። ቀይ ቁጥሮቼም ወዳዞርኳቸው አቅጣጫ እያዩ ነው።

ከመሥሪያ ቤት ባለቱቦውን የውሃ ልክ ይዤ ነበር፤ ረጅም ቱቦ ነው፣ ውሃ ይሞላና ሁለት ሰው ጫፍና ጫፉን ይይዛል። ታናሻችን ዘር ሊያይ ወጥቶ ስለነበር ሌላውን ጫፍ የያዘችልኝ ሚስቱ ናት። ከችካል ወደ ችካል እየተራመድን «ጋሼ፣ ስንት አለ?» ትለኛለች። ቁጥሩን ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ። እንደገና «ስንት አለ?» ትላለች። ሃያኛው ችካል ላይ ስንደርስ መጠየቋን ተወች።

በየችካሉ አንድ ጣት ዝቅ ይላል። አንድ ጣት፣ እትዬ። ለብቻዋ ምንም አይደለችም፤ ጫማ ላይ ከሚያዝ ጭቃ አትበልጥም። አርባ ጊዜ ስትደጋገም ግን እስከ ጭኔ ትደርሳለች። ክትሩ ውሃ የሚያቆም ሳይሆን ውሃ እየመራ ቋጥኙ ጋ የሚያደርስ ቦይ ነበር። ከምዕራብ ጀምሮ እስከ ምሥራቅ አንድም ቦታ አልተሰበረም፣ አልተዛባም። በጥንቃቄ የተሠራ ፍጹም የሆነ ቦይ ነው።

ከማሳው በቀጥታ ወደ መሥሪያ ቤታችን ዕቃ ቤት ሄድኩ። መለኪያው አቧራ ለብሶ ከበሩ ኋላ ቆሟል። አንዱ እግሩ ጫፉ በስብሶ ስለነበር የዕቃ ቤቱ ኃላፊ በመጋዝ ቆርጦታል። ልጮህበት አፌን ስከፍት አግዳሚው ላይ የታሰረች ወረቀት አየሁ። «አንድ እግሩ አጥሯል፤ ከመለካት በፊት ምልክቱ ይታደስ» ትላለች። ቀኑም ተጽፎባታል፣ እኛ ከለካንበት አንድ ሳምንት ይቀድማል። የተነካ መሣሪያ ሁሉ እንዲህ ያለ ወረቀት ይታሰርበት ብዬ ደንብ ያወጣሁት እኔ ነኝ። አፌን ዘጋሁ። ኃላፊው «ምን ፈለግህ ጌታዬ?» አለኝ። «ምንም» አልኩት።

ለሠልጣኝ ሁሉ በመጀመሪያው ቀን የማስተምረው ነገር አለ። መለኪያውን ሁለት ነጥብ ላይ አቁም፣ ክሩ የነካውን ምልክት አድርግ፤ ከዚያ አዙረህ የግራውን እግር በቀኙ ቦታ አቁም፣ እንደገና ምልክት አድርግ። ሁለቱ ምልክቶች ከተለያዩ እውነተኛው ልክ መሐላቸው ነው። በየጠዋቱ ሥራ ሳትጀምር አዙር። ተማሪዎቼ በዚህ ይስቁብኛል፤ አንዱ እንዲያውም «ሚስትህንም በየጠዋቱ ታዞራታለህ?» ብሎኝ ከክፍል አስወጥቼዋለሁ።

የዚያን ቀን አላዞርኩትም። እኔና ታናሻችን ገለባው ይቅር አይቅር እየተጨቃጨቅን ነበር ማሳው የደረስነው። ጎረቤቶቹም ግንቡ ላይ ተቀምጠው ነበር። መሣሪያዬን ሳገላብጥና ስጠራጠር እንዲያዩኝ አልፈለግኩም።

እያንዳንዱን ችካል የመታው እሱ ነው። መዶሻውን ይዞ ከጎኔ ነበር፤ ችካሎቹ የት እንዳሉ ከኔ ይበልጥ ያውቃል። ነቅዬ ተከልኳቸው ያለው የቀሩት ስድስቱ ገበሬዎች እያዩኝ ሲስቁብኝ ነው።

ልጅሽ እንዳትደውልለት። ትራክተሩን መልስ እንዳትዪው።

ሐሙስ

ትናንት ስብሰባው ላይ ተናገርኩ። መለኪያውን ተሸክሜ መጋዘኑ ገባሁ፣ መሐል ወለሉ ላይ አቆምኩት፣ ክሩ የነካበትን በከሰል አሰመርኩ። አዞርኩት፣ እንደገና አሰመርኩ። ሁለቱ መስመሮች ከኋላ ወንበር ይታያሉ። ወረቀቷንም አነበብኩላቸው። ሰዓቴን አይቼ ነበር፤ ሁሉም ሁለት ደቂቃ አልሞላም።

ቶሎ ቶሎ «ታዲያ ችካሎቹን ማን ነቀላቸው?» አለ። «ማንም» አልኩት። «እሱ ነቀልኩ ብሎ የለም እንዴ?» አለ። «ብሏል» አልኩት።

ይስቃሉ ብዬ ጠብቄ ነበር፣ አልሳቁም። እሱ ይበልጥ ያናድዳል። መጀመሪያ ድምፃቸውን ያሰሙት የታችኛዋ ጎረቤታችን ናቸው። ከወንበራቸው ሳይነሡ ወደ ታናሻችን ዞረው «አንተ! አሥር ወር ደለል ሳስዝቅህ፣ ስሰድብህ፣ ዝም ብለህ ነበር?» አሉት። እሱም «እማማ፣ ማንም ያጥፋ ማን ሽንኩርቱ እንደሁ ተቀብሯል» አላቸው። «ስድቡስ?» አሉት። «ስድቡንማ ለምጄው ነበር፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ካልሰማሁት ይከፋኛል» አለ። ከዚያ ሴትዮዋ ወደኔ ዞሩ። «አንተስ ሴንቲሜትር፣ አካፋ መያዝ ታውቃለህ ወይስ በደብተር ነው የምትዝቀው?» አሉኝ። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ ሳቀ፣ ግድግዳው እስኪነቃነቅ። ታናሻችንም ሳቀ፤ አየሁት።

ሲወጣ በሩ ላይ ጠበቅኩት። የምለውን በሦስት ነጥብ ከፋፍዬ አዘጋጅቼ ነበር። «ጋሼ፣ ከብቶቹ ውሃ አልጠጡም» ብሎኝ አለፈ። ነጥቦቼን እንደያዝኩ ቀረሁ።

ስለ ትራክተሩ አልጠየቅኩትም። ምን መብት አለኝ? ያንን መስመር ማየት አልፈልግም ማለቱ ልክ ነበር፤ መስመሩ የኔ ነው።

ዛሬ ጠዋት ወደ ማሳው አልሄድኩም። ቢሮዬ መስኮቱን ከፍቼ ተቀመጥኩ። የትራክተሩ ድምፅ በመንገዱ ሲያልፍ ሰማሁ፣ ወደ ዳገቱ ሲወጣ ሰማሁ፣ ከዚያ ጠፋ። ረጅም ጊዜ ጠፋ። በጠረጴዛዬ ላይ የነበረውን አንድ ገጽ ሪፖርት አራት ጊዜ አነበብኩት፤ ስለ ምን እንደሆነ ብትጠይቂኝ አላውቅም። የትራክተሩ ድምፅ ለጥቂት ጊዜ ተነሣና እንደገና ጠፋ። ይህ እርሻ አይደለም ብዬ አሰብኩ፤ ከዚያ ደግሞ ተበላሽቶ ይሆናል አልኩ።

በምሳ ሰዓት ቶሎ ቶሎ ራሱ በሩን ሳያንኳኳ ገባ፣ ፊቱ ደም መስሎ። «የናንተን ቤተሰብ ምን ይሻለዋል?» አለኝ። «ሁለት ሰዓት ሙሉ ሞተር አስጠፍቶ አቆመኝ! ሦስት እንጨት ቸንክሮ፣ ድንጋይ በክር አንጠልጥሎ፣ እሱና ሚስቱ እያዞሩ ይለካሉ፣ እንደገና እያዞሩ ይለካሉ። አንዱን ችካል ሦስት ጊዜ ነቅሎ ሦስት ጊዜ ተከለው። አሁንስ እውነትም ችካል ነቃይ ሆነ! በመጨረሻ ቦረቦሩን ሙላልኝና ውጣ፣ ገለባውን እንዳትረግጥብኝ አለኝ። እንዳትረግጥብኝ! ትራክተር በክንፍ ነው እንዴ የሚሄደው? ለዚህ ነው ሰው ከሥራው የሚጠራው?»

«ውሃ ጠጣ» አልኩትና ብርጭቆ ቀዳሁለት። ጠጣ። ሲወጣ ደግሞ ምን አለኝ መሰለሽ፤ የራሱ አማት ዳገት ላይ ቁራሽ መሬት አላት፣ ታናሻችን መጥቶ ይለካላት እንደሆን እንድጠይቅለት። ታናሻችን ነው ያለኝ፤ እኔን አላለም። ሠላሳ ዓመት ሥራዬ ይኸው ነው፣ ሁለት ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ገብቻለሁ። ቢሆንም «እጠይቅልሃለሁ» አልኩት።

ቅዳሜ

ከዚህ በታች ጽሕፈቴ ቢበላሽብሽ ይቅር በይኝ። ሁለቱም መዳፌ ውሃ ቋጥሮ ፈንድቷል፤ ብዕር በደንብ መያዝ አልቻልኩም።

በማለዳ ነው ጎረቤታችን ማሳ የደረስኩት። ታናሻችን ቀድሞኛል። ሴትዮዋ አካፋ ሰጡኝና «ከዚህ ጀምር፤ የቆየው ደለል ጠንካራ ነው፣ እሱን ላንተ ትቼልሃለሁ» አሉኝ። ደለሉን ሳይ አወቅኩት። የኛ አፈር ነው፣ የላይኛው፣ ጥቁሩ። ሦስት ዓመት በገለባ ያደለብነው። አንዲት አካፋ ስዝቅ ውስጡ ያልበሰበሰ የበቆሎ አገዳ አገኘሁ። በኪሴ ከትቼዋለሁ፣ ለምን እንደሆነ አትጠይቂኝ።

ታናሻችን ከኔ ሁለት መደብ አልፎ ይዝቃል። ጠዋቱን ሙሉ አላናገረኝም፤ እኔም ነጥቦቼን አላወጣሁም። በጋሪው እየተፈራረቅን ደለሉን ወደ ማሳችን ዳር መለስን። ሦስተኛው ጋሪ ላይ ወገቤን ይዤ ቆምኩ። ያን ጊዜ መጣና አካፋዬን ተመለከተ። «ጋሼ፣ እንደሱ አይደለም» አለኝ። «አንዱን እጅህን ወደታች አውርደው፣ ጉልበትህን አጠፍ አድርግ። እንዲህ ከቀጠልክ ነገ ከአልጋ አትነሣም።» አፌ ላይ የመጣውን ታውቂዋለሽ፤ ሃምሳ ዓመት ያወቅሽው አፍ ነው። እጄን አወረድኩ። ቀለለኝ። እሱም ወደ ቦታው ተመለሰ።

ባለፈው «ሄደህ ራስህ እየው» ስትዪኝ ታውቂ ነበር ማለት ነው? ነግሮሽ ከሆነ አትንገሪኝ።

አሁን የምለምንሽን ስሚኝ። ይህን ደብዳቤ አንብበሽ ስትጨርሺ መልስ አትጻፊልኝ። በፖስታ አድርገሽ ለታናሻችን ላኪለት። ጎረቤት ሆነን በሩቅ አገር ዞሮ ይድረሰው፣ እንደ ሞኝነት ቁጠሪው። የሰኞውን ክፍል እንዳትቀንሺ፣ «ይገባዋል» ያልኩበትን ጭምር። የተሳሳተ ልኬት ከደብተር አይቀደድም፣ ከሥሩ ማረሚያ ይጻፍበታል እንጂ። ያንብበው። ወንበር አውጥቶልኝ ወደ ጓሮ ቢዞር እንኳ፣ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብዬ እጠብቀዋለሁ።

ዕድሜሽን ያርዝመው። የልጅሽን ቤት ሰላም ያድርገው፣ ሕፃናቱን ያሳድግልሽ። ዝናቡም ለሁላችንም በልኩ ይምጣ፣ በቀስታ።

የሚያከብርሽ፣ ለሱ ታላቅ ላንቺ ታናሽ የሆነው ወንድምሽ